ለመህር የተጠየቀ መብረቅ

ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም፣ መርሳ

ዛሬ ረሂማ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጎረቤቴ ግርማ ነው፤ ፀጉር ቤቱና የኔ ፎቶ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና መሳቅ ጀመረ። "ምን አሉ?" ስለው ይስቃል። "እምቢ አሉ?" ስለው ይስቃል። 

በኋላ ሲወጣለት ነገረኝ። አጎቷ ሙሐመድዘይን እሺ ብለዋል፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ወልዩዋ፣ የሚድሯት፣ እሳቸው ናቸው። ኒካሁን የሚያስሩት ሸህ ዓሪፍም ተቀምጠዋል። ከዚያ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው መህር ላይ ሲደረስ "በይ እንግዲህ፣ መህርሽን ራስሽ ተናገሪ" ተብላ ስትጠየቅ ሰው ሁሉ ወርቅ ትላለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ "የመብረቅ ፎቶ" አለች።

"የምን?" አሉ አጎቷ።

"የመብረቅ። ዛኪር ራሱ ያነሳው፣ ከመርሳ በላይ ባለው ተራራ ላይ የወረደ። የሌላ አገር መብረቅ አልቀበልም።"

አጎቷ ተቆጡ። ሽማግሌ ፊት ምን ዓይነት ቀልድ ነው አሉ። እሷ እቴ፣ ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። "ወርቅማ አምና በጦርነቱ አየነው፤ እናቴ ጓሮ የቀበረችውን ቆፍረው ወሰዱት። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሱቄ በመጣ ቁጥር ስለ ሰማይና ስለ ደመና ሲያደክመኝ ነው የኖረው። እንግዲያው ያምጣው" አለች።

ሸህ ዓሪፍ ጢማቸውን እያሻሹ ፈረዱ። ሁለቱ ከወደዱት፣ ጥቅም ያለው ነገር ከሆነ፣ መህር ይሆናል። ነገር ግን ሰማይ ላይ ያለ ነገር መህር አይሆንም፤ ኒካሁ ሲታሰር እጇ ላይ ይግባ። አጎቷ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩ። በኒካሁ ቀን ፎቶው ካልተገኘ መህሩ ወርቅ ይሆናል፣ ወርቁ እስኪገኝም ኒካሁ ይቆያል አሉ። ቀኑ ነሐሴ 20፣ ጁሙዓ ነው።

እኔ ወርቅ እንኳን ለመህር ለጥርሴም የለኝም። አምና ፎቶ ቤቴ ተዘርፎ የተረፈኝ ማንጎ ዛፍ ላይ የሰቀልኳት ካሜራ ብቻ ናት። መብረቅ ግን ምን ገዶኝ። ክረምት ነው፣ ሰማዩ በየቀኑ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። ከደስታ ብዛት እራት አልወርድ አለኝ።

ሐምሌ 9

ሰው መብረቅ እንደ ወፍ ነው የሚያዘው ይለኛል፤ ብልጭ ሲል ቶሎ ጠቅ። እንደሱ አይደለም። መሸት ሲል የካሜራውን ዓይን ከፍተህ ትተወዋለህ። ጣትህን ከቁልፉ ላይ እስካላነሳህ ድረስ ክፍት ነው። መብረቁ ሲመጣ ራሱን በራሱ ይስላል። ያንተ ሥራ ሳትነቃነቅ መቆየት ብቻ ነው።

መቆሚያው ተዘርፏል። ስለዚህ አባቴ በተወልኝ የማንጎ ማሳ ጫፍ፣ ከዛፎቹ ራቅ ብሎ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ግማሽ ጆንያ ማሽላ አስቀምጬ ካሜራዋን እዚያ ላይ አደላድላታለሁ። እንዳትንሸራተት በሁለት እጄ እይዛታለሁ።

ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ። ሱብሓነላህ፣ ምን ዓይነት ደመና ነው። ሆዱ እንደ ማሰሮ ቂጥ ጠቁሯል፣ አናቱ ላይ ፀሐይዋ ገና አለች፣ መሀሉ የበሰለ ፓፓያ መስሏል። ለብቻዬ ስስቅ ነበር። ደመናውን ብቻ ብዙ ጊዜ አነሳሁት፤ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም።

ከዚያ ማጉረምረም ሲጀምር ሌንሱ ላይ ጠብታ አረፈ። ልጠርግ ወደ ማሳ ጠባቂው ጎጆ ገባሁ። ጨርቁ አልገኝ አለኝ። ስወጣ ደመናው ወደ ውርጌሳ አልፏል።

ሐምሌ 10

ባትሪው አስቸገረኝ። ማለት ሊያልቅ ይችላል ብዬ ሰጋሁ። ጎጆው ውስጥ ገብቼ ሳየው ሙሉ ነው። ለማንኛውም አለፈ።

ሐምሌ 11

ደረቅ ቀን። ስምንት ሰው ጉርድ ፎቶ ተነሳ።

ሐምሌ 15

ግድግዳው ስስ ነው፤ ግርማ ቤት የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል። አንዱ ፀጉሩን እየተቆረጠ "ያ ፎቶ አንሺ ሲነጉድ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው አሉ፣ እሱ ነው መብረቅ የሚያነሳው?" አለ። ግርማ "ዝም ብለህ አንገትህን አቅና" አለው።

ውሸት ነው። ጠረጴዛው ሥር ሶኬት አለ። ሲነጉድ በብድር የገዛውን ማተሚያ የማይነቅል ሰው ካለ ንብረቱን የማያውቅ ነው። ትናንት ገብቼ የነቀልኩት ለዚያ ነው። ትንሽ የቆየሁት ደግሞ ገመዱ ተጠላልፎ ነው።

ግርማ ግን ምን ነበረበት፣ ውሸት ነው ቢል?

ሐምሌ 19

ያዝኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ያዝኩ።

ማታ ሰማዩ በኛ በኩል ጥርት ብሎ ሳለ በምሥራቅ፣ በአፋር ቆላ በኩል፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይብለጨለጫል። ካቡ ላይ ሆኜ እንደ ንጉሥ ተዝናንቼ ጣቴን አስቀመጥኩ። ሦስት ቅርንጫፍ ያለው መብረቅ ቁልቁል ሲወርድ ቁጭ አለልኝ። እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በማግስቱ ጠዋት (ይህን የጨመርኩት ሐምሌ 20 ነው) አትሜ ረሂማ ሱቅ በረርኩ። መንገድ ዳር ፓፓያና ሙዝ እየደረደረች ነው። አክስቷ እትዬ ዙልፋ አጠገቧ ተቀምጠው ሎሚ ይመርጣሉ። ረሂማ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው፤ ዓይኗ በራ፤ ደስ እንዳላት አይቻለሁ፣ ማንም አያታልለኝም። ከዚያ መለሰችልኝ።

"በጣም ያምራል። ግን ይሄ የአፋር ነው" አለች።

"መብረቅ መብረቅ ነው።"

"ድምፅ ነበረው?"

"ሩቅ ነው፣ ምን ድምፅ ይኖረዋል?"

"እኔ ድምፅ ያለውን ነው የጠየቅኩህ።"

"ረሂማ፣ ፎቶ ድምፅ የለውም" አልኳት። እትዬ ዙልፋ ሎሚያቸውን ትተው ቀና አሉና "ልጄ፣ አንተ ፎቶውን አንሳ፣ ድምፁን እሷ ታውቅበታለች" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ረሂማ ፓፓያ ሰጥታኝ ሄድኩ። ፓፓያው ጣፋጭ ነበር፤ ተናድጄ ስለነበር ግማሹን ብቻ በላሁ።

ሐምሌ 24

ለአንድ ምርቃት ወደ ሲሪንቃ በባጃጅ ስሄድ ደመናው መንገድ ላይ አገኘኝ። ደመና ሳይሆን ተራራ በለው፤ ከተራራው በላይ ሌላ ተራራ። ባጃጁን አስቁሜ ማንሳት ስጀምር ሁለት ሚሊሻዎች ደረሱብኝ።

"ምሽግ ነው የምታነሳው?"

"ደመና ነው።"

"ደመና ምን ይሠራልሃል?"

እጄን ይዘው ኬላው ጋ ወሰዱኝ። አለቃቸው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ካሜራዬን ተቀብለው አንድ በአንድ አሳየኝ አሉ። ደመና። ደመና። ደመና። ጉርድ ፎቶ። ደመና። ወደ መጨረሻው ፊታቸው ፈካ። "ሰው የሚባል ነገር የለህም እንዴ፣ አንተ ልጅ?" አሉኝ። የመህሩን ነገር ስነግራቸው ሚሊሻዎቹን ሁሉ ጠርተው እንደገና አስወሩኝ። ዝናቡ እስኪያባራ አብሬያቸው ቆየሁ። ስንለያይ "ፎቶው ሲሳካ እኛም እናያለን" ብለው ተሰለፉና አንድ ላይ አነሳኋቸው። ነጎድጓድ ነበር፣ ግን ቆርቆሮው ሥር ሰው ብዙ ስለነበረ ብዙም አልተሰማኝም።

ሐምሌ 29፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

አምና ይህን ጊዜ መድፍ ከወልድያ በኩል ሲሰማ እንቆጥር ነበር። ነሐሴ ላይ እኛው ጋ ደረሰ። ያን ቀን እኔ ማሳው ውስጥ ነበርኩ። ረሂማም ፍራፍሬ ልትረከብ መጥታ ነበር፤ ያኔ ገና ደንበኛዬ ብቻ ነበረች። ካቡ ላይ አሁን ጆንያዬን የማስቀምጥበት ጎደሎ ቦታ ያን ቀን የፈረሰ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። የቀረውን አልጽፍም። ምንም የሚጻፍ የለውም።

ረሂማ ያን ቀን ምን እንዳየች ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አንስታብኝ አታውቅም።

ነገ ደመናው በጊዜ ከመጣ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ። ጨርቅም፣ ባትሪም እይዛለሁ።

ነሐሴ 2

በረዶ ጣለ። ሮጥኩ። በበረዶ የማይሮጥ ሰው የለም።

ነሐሴ 5

ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ምክንያቱን መጻፍ ሰለቸኝ።

ነሐሴ 11

አጎቷ ሙሐመድዘይን በፎቶ ቤቱ ሲያልፉ ቆም አሉ። "እስካሁን?" አሉኝ። "ኢንሻአላህ" አልኳቸው። "ኢንሻአላህ ጥሩ ነው። ወርቁንም አስብበት" ብለው አለፉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የወንድማቸው ልጅ አደራ ሆናባቸው ነው።

ማታ ስልኬን ከፍቼ የመብረቅ ፎቶ ፈለግኩ። ሺህ ነው ያለው። አንዱ የኛን ተራራ ቁርጥ ነው የሚመስለው። አትሜ ባመጣው ሸህ ዓሪፍም አያውቁ፣ አጎቷም አያውቁ። ትንሽ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ስልኩን አጥፍቼ ግርማን ልጠራ ግድግዳውን ደበደብኩ።

"አንተ ብትይዝልኝስ ካሜራውን?"

"ራሱ ያነሳው ብላለች እኮ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዛኪር፣ ንገራት" አለኝ።

"ምኑን?"

 ምን እንደሚያወራ አላውቅም። እንደማላውቅ ነግሬው ተኛሁ።

ነሐሴ 14

ደመና፦ አለ። ነጎድጓድ፦ አለ። እኔ፦ ጎጆ ውስጥ።

ነሐሴ 18

ጦርነቱ በቆቦ ግንባር እንደገና ተጀመረ። ጠዋት ሬዲዮ ሳይናገር መኪናው ነው የነገረን፤ ከወልድያ በኩል የሚመጣው ብቻ ሆነ። ሱቅ የሚዘጋ። ዘይት የሚገዛ። ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው በዛ፤ ሰው ሲጨንቀው መታወቂያውን ነው የሚያድሰው።

አጎቷ ራሳቸው መጡ። ቤተሰባቸውን ቅዳሜ ይዘው ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ይሄዳሉ። "ኒካሁ ጁሙዓ ከታሰረ ሚስትህ ናት፣ ከአንተ ጋር ትመክራለች። ካልታሰረ ግን ያላገባች ልጅ እዚህ ጥዬ አልሄድም፣ ከእኛ ጋር ትሄዳለች። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

እኔም ብሆን እወስዳታለሁ። እንዲያ ብዬ መለስኩላቸው። ሲወጡ ግን ወንበሩን በእግሬ መታሁት፤ ጣቴ አብጧል። ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ።

ነሐሴ 19

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

ከዐስር በኋላ ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቆረ። ጆንያዬን ተሸክሜ ካቡ ጋ ስደርስ ረሂማ ቀድማኛለች። እትዬ ዙልፋ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ብቻዋን እንዳትመጣ ነው እኔ የመጣሁት" አሉ። "እንደሌለሁ ቁጠሩኝና ሥራችሁን ሥሩ።"

ካሜራዋን ጆንያው ላይ አደላደልኩ። መሸት እስኪል ጠበቅን። ደመናው ወደኛ እየወረደ፣ ንፋሱ የማንጎውን ቅጠል እየገለበጠ መጣ። ከዚያ ከተራራው በላይ አጉረመረመ።

"ሌንሱን ልጥረገው" አልኩ።

ረሂማ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋችልኝ። "ይኸው።"

"ባትሪውን..."

"ሙሉ ነው። ግርማን ጠይቄዋለሁ።"

"ቤት ሶኬቱን ሳልነቅል..."

"ዛኪር" አለች፣ "እዚህ ሶኬት የለም።"

እትዬ ዙልፋ ጃንጥላቸው ሥር ሲስቁ ሰማኋቸው። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ሁለተኛው መጣ፣ ልክ አናታችን ላይ።  ካሜራዋን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፍኜ ካቡ ሥር ቁጢጥ ብዬ ራሴን አገኘሁት። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የማገባት ልጅ ፊት፣ አክስቷ ፊት።

ረሂማ መጥታ ከጎኔ ቁጢጥ አለች። አልነካችኝም፣ ገና አልተጋባንም። ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል።

"እፈራለሁ" አልኳት። ወላሂ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ለራሴም ብዬው የማላውቅ ቃል ነው።

"አውቃለሁ" አለች። "አምናም እዚሁ ቦታ እንዲህ ነበርክ። እኔ ደግሞ እዚያ ዛፍ ሥር ነበርኩ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ። አሁንም ሲነጉድ ሱቁን ከውስጥ እቆልፋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሂሳብ እየሠራሁ ነው እላለሁ።"

አየኋት። እየሳቀች ነበር።

"ታዲያ ምን ሆነሽ መብረቅ ጠየቅሽ?"

"ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ሁለታችንም ተደብቀን፣ በሩን ማን ሊከፍት ነው?"

 ተነሳሁ። ተነሳች። ካሜራዋን ጆንያው ላይ መለስኩና ዓይኗን ከፍቼ ጣቴን አስቀመጥኩ። እትዬ ዙልፋ ከኋላ "ሲነጉድ ሱብሓነላህ በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። ዝም ሲሉት ነው የሚከፋው" አሉ።

ነጎደ። ሦስታችንም "ሱብሓነላህ" አልን። የኔ ድምፅ እንደ ፍየል ነበር የወጣው። "ጣትህን አታንሳ" አለች ረሂማ። እንደገና ነጎደ፣ እንደገና አልን። አሁን ከእትዬ ዙልፋ በላይ እየጮህኩ ነው። ጣቴ አልተነሳም። ከዚያ ተራራው ከጫፉ እስከ እግሩ በራ፤ መብረቁ እላዩ ላይ ወርዶ፣ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድምፁ ሲመጣ ደረቴ ውስጥ ገባ። አልተቀመጥኩም። ረሂማም አልተቀመጠችም። ተያይተን እንደ ልጅ ሳቅን፤ ከኋላችን ደግሞ የመርሳ መብራት በሙሉ ድርግም አለ።

ፎቶው ካሜራዋ ላይ አለ። ትንሽ ዘሟል። ጥግ ላይ የእትዬ ዙልፋ ጃንጥላ ጫፍ ገብቷል። ከዚህ የሚያምር ነገር በሕይወቴ አላነሳሁም።

ነሐሴ 20፣ ጁሙዓ

ጉድ ፈላ። መብራት የለም። ያው መብረቅ ትራንስፎርመሩን አቃጥሎታል። ማተሚያዬ ሙት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሰው ፍለጋ ግርማና እኔ ከተማውን ዞርን፤ ያለው ነዳጅ የለውም፣ ነዳጅ ያለው ሊሄድ እየጫነ ነው።

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ባዶ እጄን ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጥኩ። አጎቷ "ፎቶው የታል?" አሉ።

"ካሜራው ውስጥ ነው።"

ተቀብለው የካሜራዋ መስኮት ላይ አዩት። መነጽራቸውን አውጥተው እንደገና አዩት። "የኛ ተራራ ነው" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ "ይሄ ጥግ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ሲሉ እትዬ ዙልፋ ከመጋረጃው ወዲያ "ጃንጥላዬ ነው፣ አትንካው" አሉ።

ሸህ ዓሪፍ አጎቷን አዩ፣ እኔን አዩ። "እጇ ላይ ይግባ ተብሏል፤ ፎቶው ካሜራው ውስጥ ከሆነ ከነካሜራው ይግባላት" አሉ።

ግርማ ሳቁን ማፈን አቅቶት ወጣ። እንጀራዬን፣ ከዘረፋ የተረፈችኝን ብቸኛ ንብረቴን፣ በሁለት እጄ በመጋረጃው ሥር አሳልፌ ሰጠሁ። የረሂማ እጅ መጥቶ ወሰዳት። አጎቷ እጄን ጨበጡ፣ ኒካሁ ታሰረ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ውጭ አይሱዙዎች ሰው ጭነው ወደ ደሴ እየወረዱ ነበር፤ እልልታውን ሰምተው ከላይ የመለሱልንም ነበሩ።

ረሂማ ሚስቴ ሆነች። ይህን ቃል ስጽፈው እጄ ቀለል አለኝ።

ነሐሴ 21

አጎቷ ጠዋት ሄዱ። እትዬ ዙልፋ አልሄድም ብለው ቀሩ። እኔና ረሂማ መከርን፤ ነገሩ እስኪለይ እዚሁ እንቆያለን፣ ከባሰ አብረን እንወጣለን። ሱቋን ከፍታ ከወልድያ በኩል ለሚመጡ ሕፃናት ሙዝ ስታድል ዋለች። እኔ ተሸካሚዋ ነኝ።

ከዐስር በኋላ ደመናው መጣ። ረሂማ ካሜራዋን አንጠልጥላ ወደ ማሳው ወሰደችኝና ካቡ ጋ አቆመችኝ፣ ተራራው ከጀርባዬ እንዲሆን።

"እኔ እኮ ነኝ ፎቶ አንሺው" አልኳት።

"ካሜራው የማን ነው?"

 አቅጣጫውን እየለካች ወደ ኋላ ሄደች። ልታነሳኝ ስትል ከጀርባዬ ነጎደ። ጠቅ አድርጋ መስኮቷን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ዓይንህን ጨፍነሃል" አለችኝ።

"ድገሚው" አልኳት።